የእሑዱ ገዳይ

«የፊታችን እሑድ የኛው ሰውዬ ነው አሉ፤ ያ ሚስቱን ከምድር ቤት ደረጃ ገፍትሮ የገደለው» አለች ዳቦ ሻጯ፣ ከፊቴ ለቆሙት ሴትዮ ስድስት ትንንሽ ዳቦ ወረቀት ከረጢት ውስጥ እየጨመረች። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን እየበረበሩ «ፖሊስ ለቀቀው እንጂ እኛ መች ለቀቅነው!» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውም ሳቀ። አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ውጭ ያ የማያባራ የጥቅምት ካፊያ ይወርዳል፤ ሁሉም የቸኮለ ይመስላል፤ ለዚህች ወሬ ግን ጊዜ ያጣ የለም። ተራዬ ሲደርስ ዳቦ ሻጯ ቀና ብላ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ፣ ወይዘሮ ክላንተ! እርስዎ ዛሬ ያዩታል አይደል? እንዳይነግሩኝ! በሞቴ እንዳይነግሩኝ!» እኔም እንደ ሁልጊዜው ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ፈገግ አልኩላት። ሁለት የአጃ ዳቦና ሁለት ቁራሽ የፕሪም ኬክ ገዛሁ፤ ኬኩ አንዱ ሦስት ዩሮ ከሃያ ገብቷል። ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ መልካም ቀን ተመኝቼ ወጣሁ።

ያ «የኛው ሰውዬ» ኤገን ሹርማን ነው። የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ታላቄ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የባሌን ስም ይዤ ሮስቪታ ክላንተ ከተባልኩ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም ስሙን አልተውኩትም። ሰው ሲጠይቀኝ ለማስታወሻ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ተደብቄበታለሁ። ዱይስቡርግ ትልቅ ከተማ ነው ይባላል እንጂ፣ ከራይን ወንዝ ጀምሮ የብረት ፋብሪካው ጥቀርሻ የልብስ ማስጫችን ላይ እስከሚያርፍበት ድረስ ያለው ሰፈር እርስ በርሱ ይተዋወቃል። በዚህ ሰፈር ሹርማን የሚባል ስም ይዞ ዳቦ መግዛት ቀላል አይደለም። ወንድሜ ዳቦውን የሚገዛው ሁለት ፌርማታ ርቆ ሄዶ ነው።

እኔ የምተዳደረው በፊልም ሟቾች ነው። «ሦስተኛ ፎቅ» የተባለው የወንጀል ድራማ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ልክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ይጀምራል። በዚያ ሰዓት እዚህ አገር ሰው ለሰው ስልክ አይደውልም፤ የደወለ ካለም ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ የውጭ አገር ሰው ነው። እኔ ለከተማችን ጋዜጣ የእያንዳንዱን ክፍል ሂስ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ፊልሙን አርብ ጠዋት ቀድመው ይልኩልኛል፣ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ስድሳ መስመር አስረክባለሁ፣ ቅዳሜ ይታተማል። የዓምዴ ስም «ሳልነግራችሁ» ነው፤ ሕጉም ያው ነው። ሁሉን አወራለሁ፣ ገዳዩን አልናገርም። በኮከብ ፈንታ ከአምስት ካቴና ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «የአትክልተኛውን ጫማ ልብ በሉ» ብዬ ጽፌ መቶ አሥራ ሁለት የስድብ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከእነዚህ አንዱ ከአንድ ቄስ የተላከ ነበር። ድሮ ይሄ ሁሉ ያስቀኝ ነበር። አሁን ደክሞኛል። ከአንድ ሺህ በላይ ሬሳ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ሲተነፍሱ ይታያሉ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ከፊልሙ ጋር የተላከው ወረቀት «በከተማው ከደረሰ አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ በነጻነት የተወሰደ» ይላል። «በነጻነት» የምትለዋን ቃል የጻፋት ጠበቃ መሆን አለበት። ሬሳው እንደ ሁልጊዜው በአራተኛው ደቂቃ ተገኘ፤ በዚህኛው ግን ጫካ ውስጥ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው አልነበረም። አንድ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ከቀን እንቅልፉ ነቅቶ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የሚስቱን ስም ሁለት ጊዜ ጠርቶ፣ በካልሲው ወደ ምድር ቤት ሲወርድ እናያለን። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ሦስተኛው እርከን ጠርዙ ተሸርፏል። ከታች ሴትየዋ ወድቃለች፤ ዙሪያዋን የተሰበረ የማርማላታ ብልቃጥ ሞልቷል። ፊልሙን አቆምኩትና ሦስተኛውን እርከን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያ እርከን የኤገን ቤት እርከን ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተደናቅፌበታለሁ። ከቤተሰባችን ውጪ ስለሱ ማን እንደነገራቸው አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሥራዬ ልናገር። መርማሪው ኮሚሳር ቴንሃገን እንደ ልማዱ ቆሞ ይበላል፣ እንደ ልማዱ ለማትደውልለት ልጁ ስልኩን ያያል፤ ይሄ አሥራ ሦስት ዓመት ያየነው ነገር ነው። ባልየውን የሚጫወተው ተዋናይ ግን ሌላ ነው። እጆቹን የሚያስቀምጥበት የሚያጣ ሰው ነው፤ አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ኪሱ ውስጥ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያደርጋቸዋል፣ የትም አይመቹትም። መጨረሻ ላይ ለሰባት ደቂቃ ያለምንም ሙዚቃ ይናዘዛል። ሚስቱ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር፣ ልትሄድ ነበር፣ ገፋኋት ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ድራማ ካየሁ አሥር ዓመት ይሆነኛል። መጥፎ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! በአንድ ካቴና ቀጥቼ፣ በስድሳ መስመር ቀብሬ እገላገለው ነበር። አምስት ካቴና የሚገባው ፊልም ሆኖ አረፈው።

ሌላም የሆነ ነገር አለ፣ መናገሩ ያሳፍራል። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ፊልሙን አቁሜ የገዳዩን ማንነት ግምቴን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ቢራ ቤቶችም እሑድ እሑድ ይሄንኑ ነው የሚያደርጉት፤ ደንበኛው ግማሽ ሰዓት እንዳየ ስሙንና ግምቱን የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫዋ ካርቶን ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ አስተናጋጇ ትሰበስባለች፣ ያገኘ አንድ መለኪያ በነጻ ይጠጣል። እኔም ዛሬ በልማዴ ብዕሬን አነሳሁና ምንም ሳላስብ «ባልየው» ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት በኋላ ነው ያየሁት። ወረቀቱን ቀዳድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፤ ብቻዬን ባለሁበት ቤት ማን እንዳያይብኝ እንደሆነ እንጃ።

የወንድሜ ሚስት ማርሊስ የሞተችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ኤገን አራት ወር ታስሮ፣ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተለቀቀ። ማስረጃ አልተገኘም ማለት አልገደለም ማለት እንዳልሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠበቃ ሆኖ አስረዳው። ፋብሪካው ከጊዜው በፊት በጡረታ አሰናበተው። ጎረቤት ሰላምታውን በአንገት ንቅናቄ ብቻ መመለስ ጀመረ፣ በኋላም አንገቱም ቀረ። እኔ አልተውኩትም። ሾርባ ወስጄለታለሁ፣ ሸሚዙን አጥቤለታለሁ፣ በየገናው አብሬው ተቀምጬ ድንች ሰላጣና ቋሊማ በልቻለሁ። ስለ አየሩ አውርተናል፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ እግር ኳስ። አንድ ቀን እንኳ ግን «ምን ነበር የሆነው?» ብዬ አልጠየቅኩትም። አከበርኩት ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ነገሩ ፍርሃት ነው፤ «አዎ» ቢለኝስ?

እሑድ ደግሞ እሱ «መልሕቅ» ከምትባለው ቢራ ቤት አይቀርም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያች ቤት ጥግ ተቀምጦ ነው «ሦስተኛ ፎቅ»ን የሚያየው። አርባ ሰው በተሰበሰበበት፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ፣ የራሱ ደረጃ፣ የራሱ ካልሲ፣ ከዚያም ያ የሰባት ደቂቃ ኑዛዜ። በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። ለአለቃዬ ለቶርበን ደወልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁሉን ነገር ችኮላ ላይ ሆኖ ነው የሚሰማው። ጉንፋን ይዞኛል፣ ሌላ ሰው ይጻፈው አልኩት።

«ወይዘሮ ክላንተ፣ ይቺን እንኳ እለምንዎታለሁ» አለኝ። «የከተማችን ታሪክ ነው፤ እርስዎ ካልጻፉት ማን ይጻፈው? ያ ሰውዬ እኮ አሁንም እዚሁ አለ ይባላል። ያውቁታል እንዴ?»

«አላውቀውም» አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ የፕሪም ኬኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ትራም ተሳፈርኩ።

ኤገን አርብ አርብ የሚውለው ከሐዲዱ ማዶ ባለችው የኪራይ የአትክልት ቦታው ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራሽ መሬትና አንዲት የእንጨት ጎጆ አለችው፤ የቁጥቋጦ አጥሩ ቁመት ከአንድ ሜትር ከሃያ እንዳይበልጥ ደንብ አለ። የወንድሜ አጥር በሜትር የተለካ ነው። የጎረቤቱ አጥር ግን ከሰው ቁመት በላይ አድጓል፤ በወንድሜ በኩል ያለው ብቻ። የአትክልት ቦታዎቹ ማኅበር ስለዚህ ጉዳይ አንድም ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። ስደርስ ጎንበስ ብሎ፣ ውርጭ ሳይመታቸው የዳሊያ አበቦቹን ሥር እየነቀለ ሣጥን ውስጥ ይደረድራል። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ከኋላ ሲታይ አባታችንን ነው የሚመስለው።

«አርብ ቀን ምን እግር ጣለሽ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ዛሬ የጽሑፍሽ ቀን አይደል?»

«ኬክ አምጥቼልሃለሁ።»

«ኬክ? ኧረ የሆነ ነገር አለ! ኬክ ይዘሽ ስትመጪ ወይ ሰው ታሟል ወይ መኪናዬን ፈልገሻል። መኪናዋን ደግሞ ሸጫታለሁ።»

ጎጆዋ ውስጥ ገባን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መጥረጊያ፣ የዘር ፓኬቶች፣ ግድግዳው ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ ቀን መቁጠሪያ። ሻይ ከፔርሙዝ ቀዳልኝ። ሁለቱን ቁራሽ ኬክ በኪስ ቢላው ለያያቸው፤ ለእኔ የሰጠኝ ትልቁን ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። እሱ ስለ ዳሊያዎቹ አወራ፣ እኔ ስለ ጉልበቴ አወራሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። እንዲህ ያለውን ዝምታ ለዓመታት አብረን አሳድገነዋል፣ ቤተኛ ሆኗል፤ ሦስተኛ ወንበር ቢኖር ይቀመጥበት ነበር።

«ኤገን፣ የእሑዱን በተመለከተ…» አልኩ።

በጭቃ የተለወሱ እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ጫነ። «አትንገሪኝ! ሃያ ስድስት ዓመት አፍሽን ዘግተሽ ኖረሽ ዛሬ ልታበላሺብኝ ነው?»

«አንዴ ስማኝ።»

«አልሰማም። ደንቁሬያለሁ።» ጮክ ብሎ አንድ የማይረባ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ፣ በዓይኑ ግን ያየኛል። በቤተሰባችን ይሄ የቆየ ሕግ ነው። የታመመችውን እናታችንን እንኳ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች «ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ገዳዩን ግን አልነግርሽም» ነበር የምላት፤ ሳልነግራት ሞተች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ ዜማውን ከፍ አደረገው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ባልየው ነው!» አልኩ። እየጮህኩ ነበር። «ደረጃው ያንተ ነው፣ የተሸረፈው እርከን አለ፣ ብልቃጦቹ አሉ፣ ሁሉም አለ። ገዳዩም ባልየው ነው!»

ዜማው ተቋረጠ። እጆቹን ከጆሮው አወረደ፤ ጉንጩ ላይ ጭቃ ቀርቷል። «አውቃለሁ» አለ። «ትነግሪኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የፊልሙ ደራሲ፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ቀጥሎ ራሷ መጣች። እኔ አሁን ከተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሻይ ቀዳላት። ማስታወሻ ደብተሯን ሳትከፍት፣ ዓይኑን እያየች፣ «አቶ ሹርማን፣ እርስዎ ነዎት የገፏት?» አለችው።

«እንዲሁ በቀጥታ?» አልኩት።

«እንዲሁ በቀጥታ። ስኳር ስንት ላድርግልዎ እንደሚባለው። ከፖሊስ ሌላ በዚህ ሁሉ ዓመት የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።» ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አለቀስኩ። ሰው ፊት አላለቅስም ነበር።»

ምን ብሎ እንደመለሰላት መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩትም። አየኝ፣ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ራሱ ቀጠለ።

«የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፈረቃ ገባሁ። ተጨቃጨቅን። በምን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፤ በእህቷ ልደት ይመስለኛል። ተኛሁ። ከዚያ ዱብ ሲል ሰማሁ። ብልቃጥ ሲሰበርም ሰማሁ። ተናዳ ዕቃ እየወረወረች ነው አልኩና ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ስነሳ ቀዝቅዛለች። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይታለች አለ። ሁለት ሰዓት፣ ሮስቪታ። እኔ ላይኛው ክፍል ተኝቼ።»

«ለፖሊስስ?»

«ምንም አልሰማሁም አልኳቸው። አፈርኩ። አንዲት ውሸት ናት፣ እሷን አሸተቱ። ጎረቤቱም ያቺኑ ነው ያሸተተው። የሆነ ነገር እንደደበቅኩ ገብቷቸዋል፤ ምን እንደሆነ ነው የሳቱት።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለኝ።

ተቆጥቶ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብሎ፣ የትራሙን ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው። አንገቴን ደፋሁ። አፍሬያለሁ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሾርባ ስመላልስ ለካ ሰውዬው የሚፈልገው ሾርባ አልነበረም።

ደራሲዋ በመጀመሪያ የጻፈችው ልክ እሱ እንደነገራት ነበር። በኋላ እያለቀሰች ደወለችለት። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች «መጨረሻ ላይ የሚታሰር ሰው ከሌለ ተመልካቹ ምን ይላል?» አሏት። አሥራ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ቁጭ ብሎ ካቴናውን ይጠብቃል። «ከፈለጉ ሁሉንም ላስቀረው» አለችው። ይቀጥል ያለው ራሱ ኤገን ነው።

«አብደሃል?» አልኩት። «አርባ ሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ ሊያደርጉህ እኮ ነው!»

«አሁንስ ምን ነኝ? እስቲ ስሚኝ። በየፊልሙ ባል ገዳይ በሆነ ቁጥር መልሕቅ ቤት ጸጥ ይላል። ማንም ዞር ብሎ አያየኝም፤ እኔ ግን አለማየታቸውን አያለሁ። ምን ልበላቸው? ያልጠየቀኝን ሰው ምን ብዬ ‹አይደለሁም› እለዋለሁ? አሁን ቴሌቪዥኑ ጮክ ብሎ ሊናገረው ነው። ሲያልቅ እነሳለሁ። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፣ አልገፋኋትም፣ የሆነው እንዲህ ነው እላለሁ። ዱብ ያለውን ጭምር።»

«ዱብ ያለውንማ አትንገራቸው! ይብስብሃል። እየሰማ ገደላት ነው የሚሉህ።»

«ይበሉኣ። እሱስ እውነት ነው» አለ።

ለመንኩት። እሑድ እኔ ቤት ና፣ ጥብስ እሠራለሁ፣ ቴሌቪዥኑን እንዘጋዋለን አልኩት። «አይሆንም» ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ኬኩን ቀስ ብሎ በልቶ ጨረሰና ሥራዬን እንደሚጠይቅ ሰው «ለመሆኑ ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ስንት ካቴና?»

«አምስት።»

«በይ አምስት ስጪው። እንዳትቀንሺበት። መጥፎ ነው ካልሽ መጨረሻውን ሳያዩ ይወጡብኛል።» ሳቀ፤ ብዙም ያልቆየ ሳቅ ነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ «አንቺስ ትመጫለሽ ወይ?» አለኝ።

እሑድ እሑድ «መልሕቅ» ሄጄ አላውቅም። ምክንያቴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቀድሜ ስለማየው ፊቴ ያሳብቅብኛል፣ የሰው ጨዋታ አበላሻለሁ። አሁንም ያንኑ ደገምኩለት፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«እሑድ ያንቺን ፊት የሚያይ የለም፣ እህቴ» አለኝ። «ሁሉም የሚያየው የእኔን ነው።»

ትራም እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ። አላስቀረኝም። እስከ በሩ ሸኝቶኝ ወደ ዳሊያዎቹ ተመለሰ። በትራሙ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ስለ እሑዱ ክፍል ሲወራረዱ ነበር፤ አንዱ ባልየው ነው ይላል፣ ሌላው ባልየውማ በጣም ግልጽ ነው፣ አይሆንም ይላል። ሁለቱንም ቤታቸው ድረስ ተከትዬ ሁሉንም ልነግራቸው አማረኝ።

ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀምጬ ጻፍኩ። ስለ ተዋናዩ እጆች ጻፍኩ፣ ቆሞ ስለሚበላው ኮሚሳር ጻፍኩ፣ ሙዚቃ ስለሌለበት ሰባት ደቂቃ ጻፍኩ። አምስት ካቴና ሰጠሁት። ገዳዩን አልነገርኩም። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ «ይህ ድራማ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ሰው እያሰረ አስተኝቶናል። የዚህን ክፍል ደረጃ አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛው እርከን በእውነትም የተሸረፈ ነው። መጨረሻው ግን የፊልም መጨረሻ ነው። ስታዩ፣ ያ ሰው ከእናንተ መካከል ተቀምጦ እንደሚያይ አስቡ። ሲያልቅም ወዲያው ሒሳብ ከፍላችሁ አትውጡ።» ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ጣቴ ቆመ። በዚህ አገር ያገባች ሴት የአባቷ ስም ተጨምሮ የሚጻፈው መታወቂያዋ ላይና የሞቷ ማስታወቂያ ላይ ነው። ጨመርኩትና፣ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ፈርቼ ቶሎ ላክሁት። ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቶርበን ደወለ።

«ወይዘሮ ክላንተ፣ ግሩም ነው! ጉንፋኑ እንኳ ያዘዎት! ግን ከታች የሆነ ስህተት ገብቷል። ‹ሮስቪታ ክላንተ፣ የትውልድ ስም ሹርማን› ይላል።»

«ስህተት አይደለም።»

«ይሄ እኮ የሞት ማስታወቂያ ላይ ነው የሚጻፈው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በስልኩ ውስጥ የቢሮው ጫጫታ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው ስለ ገጽ ቁጥር ይጮሃል። «ሹርማን…» አለ ቶርበን ቀስ ብሎ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቸኮለ አይመስልም። «ይሄ የደረጃው ሰውዬ ስም አይደለም እንዴ? ጠዋት አላውቀውም አላሉኝም?»

«ዋሽቼህ ነው» አልኩት። «እህቱ ነኝ። ስሙ እንዳለ ይውጣ።»

የቢሮውን በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም ሰው በሆዱ ይዞ የኖረውን፣ እኔም የኖርኩበትን ጥያቄ፣ በዚያች ጨዋ ድምፁ ጠየቀኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና… እና፣ እሱ ነው?»

«ራሱን ጠይቀው» አልኩት። «እሑድ መልሕቅ ቢራ ቤት ነን።»